ሰማይ ላይ የወደቀ ጥላ

ስሜነህ ሸሕዲ ከተማ በከፈታት ስቱዲዮ፣ ቪዲዮ ማቀናበር በሚያስተምርበት ክፍል ውስጥ ዛሬ ጠዋት በግንባሩ ተደፍቶ፣ ሞቶ ተገኘ። ማጅራቱን የተመታበት የካሜራ መቆሚያ አጠገቡ ወድቋል። ታላቅ ወንድሙ ደሴ፣ የሰሊጥ እርሻ ባለቤቱ፣ ክላሹን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል።

«ፈሀድ ነው! ትናንት ጠዋት ሲጨቃጨቁ አገር ሰምቷል። ደሜን እመልሳለሁ!»

ተማሪው ፈሀድ ጥግ ላይ ተሸጉጧል። ቆላ ላይ ደም ከተባለማ ማን ይጠይቃል? ኢንስፔክተር ጥሩአየሁ ጨነቃት፤ ሰውየው ቃታ ለመሳብ ምንም አልቀረውም።

«ጋሽ ደሴ፣ ይታገሡኝ እንጂ። ያላጠፋ ልጅ ገድለው እንቅልፍ ይወስድዎታል?»

ሌላዋ ተማሪ ሙባረካ ታለቅሳለች። ሦስተኛው ፈንቴ፣ ከጎጃም ለሰሊጥ አጨዳ መጥቶ በዚያው የቀረው፣ ረጋ ብሏል።

«እኔማ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አብደራፊ ከተማ ነበርሁ፤ ዛሬ ነው የገባሁት። ይኸው፣ ትናንት እዚያ ሰሊጥ መጋዘን በር ላይ የተቀረጽሁት ቪዲዮ» ብሎ ስልኩን ዘረጋላት።

መጋዘን፣ ትራክተር፣ የጠራ ሰማይ፣ መሐል ላይ ፈንቴ። ጥሩአየሁ ደጋግማ አየችና ስልኩን ለሙባረካ ሰጠቻት።

«እስኪ እህቴ፣ ጆሮው አጠገብ ያለው ጥቁር ነገር ምንድን ነው?»

«ጥላ ነው። ድሮፕ ሻዶው የሚባለው ኢፌክት፤ መጀመሪያ የተማርነው።»

«ሰማይ ላይ?»

«ጀማሪ እንዲህ ነው የሚሳሳት። ሰውየው የተለጠፈ እንዳይመስል ጥላ ይጨምርለታል፤ ኢፌክቱ ግን ከኋላው ግድግዳ ይሁን ሰማይ አይለይም። ወላሂ፣ ፀጉሩ ዳር አረንጓዴም ቀርቶበታል!»

ጥሩአየሁ ሁሉንም ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው አረንጓዴ ጨርቅ ፊት ሰበሰበቻቸው።

«ይህ መቼ ተሰቀለ?»

«ትናንት ከሰዓት። እኔና ስሜነህ ሰቅለን፣ ደህና ዋል ብዬው ወጣሁ» አለች ሙባረካ።

«እንግዲህ ስሙ። ፈንቴ የተቀረጸው እዚህ ጨርቅ ፊት ነው። አረንጓዴውን በኢፌክት አጥፍቶ መጋዘኑን ከኋላው አስገባ። ጨርቁ ደግሞ ከትናንት ከሰዓት በፊት አልነበረም። አብደራፊ ያለ ሰው እዚህ ምን አቆመው? ለምንስ ዋሸ?»

ፈንቴ ሳቀ። ንዴት ያነቀው ሳቅ ነበር።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም! ደሴ፣ እርሻህ ላይ ሌባ ብለህ የገደልኸውን አጫጅ ታስታውሳለህ? ውሃ ሊቀዳ ነበር የመጣው። ወንድሜ ነው።»

ደሴ ፊቱ አመድ ሆነ። «ታዲያ ምነው እኔን ብትገድል!»

«አንተማ ሞተህ ታርፋለህ። እንደኔ ወንድምህን ቀብረህ ኑር ብዬ ነው።»

ጥሩአየሁ ክላሹን ከደሴ እጅ ስትወስድ አልታገላትም።

«የወንድምህ ስም ማን ነበር?» አለ ደሴ ድምፁ ተሰብሮ።

«ያኔ ነበር መጠየቅ» አለ ፈንቴ፣ እጁን ለካቴናው እየዘረጋ።