የሴንዛቡሮ መሳቢያዎች

ኢንስፔክተር ኩዋባራ ሲደርስ ሽማግሌው ሴንዛቡሮ ከደረጃው ግርጌ በግንባራቸው ተደፍተው ነበር። የካሞ ከተማ ሰው ለልጁ ባለ መሳቢያ የሙሽራ ሣጥን ሲያሠራ የሚመርጠው እሳቸውን ነው። የሞቱት ግን ልጃቸውን ቺዙሩን ሊጠይቁ በመጡበት ቤት ነው።

ቺዙሩ ዓይኗን ከወለሉ ሳታነሳ፣ አባቷ ጋደም ሊሉ ወደ ላይ ሲወጡ ሳይወድቁ እንዳልቀሩ፣ እሷ ግን ጓሮ ልብስ ስታጥብ እንደነበር ተናገረች። ባሏ ታኬማሳ ከጎረቤታቸው ከፉሚ ጋር በር ላይ ቆሞ ሲያወራ ነበር። ፉሚም ይህንኑ መሰከረች፤ ሽማግሌው ሲወድቁ ድምፁን የሰሙት አብረው ነው።

ኩዋባራ አስከሬኑን አገላብጦ አየ። የቀኝ እጅጌያቸው ከኋላ በኩል ተተርትሯል። ከዚያ ፎቅ ወጥቶ መኝታ ቤት ገባና እዚያ ከቆመው የሙሽራ ሣጥን አንዱን መሳቢያ ከፍቶ ዘጋው። ሌሎቹ ንቅንቅ አላሉም። ቀጥሎ የላይኛውን ሳበ፤ በተጣጠፈ ኪሞኖ መሃል የሽማግሌው መነጽር ተቀምጧል። ሦስቱንም ወደዚያው አስጠራቸው።

«ወደ ላይ ሲወጡ አልነበረም» አለ። «የሚወጣ ሰው ቁልቁል በግንባሩ አይደፋም። ሲወርዱ ነው፤ ያውም እጅጌያቸውን ከኋላ የያዘ ሰው ነበር። ታኬማሳና ፉሚ አብረው በር ላይ ነበሩ። ፉሚ፣ ቺዙሩ ከጓሮ ስትመጣ እጇ እንዴት ነበር?»

ፉሚ አመነታች። «ደረቅ ነበር» አለች።

ኩዋባራ ወደ ቺዙሩ ዞረ። «ከሴንዛቡሮ ሣጥን አንዱን መሳቢያ ስትዘጉት፣ የታፈነው አየር ሌላውን ወደ ውጭ ይገፋዋል። ይህኛው አይገፋም። አባትዎም እንደኔ ሞክረው ደርሰውበታል። መነጽሩን እዚያው ጥለው ወጡ፤ ሌላ ሰው መነጽሩን ሳያይ መሳቢያውን ዘጋበት። እውነተኛው ሣጥን የት ነው?»

ታኬማሳ ፊቱ ቀላ። ለአለቃው ልጅ ሠርግ ስጦታ እንደሰጠው አመነ።

«ስጠው ያልኩት እኔ ነኝ» አለች ቺዙሩ። «የባሌን ሹመት ከሱ ይልቅ የፈለግሁት እኔ ነኝ። አባቴ ሣጥኑን የሠራልኝ የተወለድኩ ቀን በተከለው ዛፍ ነበር። ዛሬ ሲያውቅ አልተቆጣኝም። አለቃው ቤት ሄጄ፣ በራፋቸው ላይ ተንበርክኬ፣ መልሱልኝ እላለሁ አለ። እንዲህማ አታዋርደንም ብዬ እጅጌውን ያዝኩት። መነጨቀኝና ቁልቁል ወደቀ።»

«ከዚያስ?»

«ታኬማሳና ፉሚ ሲገቡ ሰማሁ። ከኋላ ወደ ጓሮ በሚያወርደው ደረጃ ወረድኩ።»

ፉሚ ማልቀስ ጀመረች። ስንደርስ ነፍሳቸው አልወጣችም ነበር አለች፤ ልጃቸውን አንድ ጊዜ በስሟ ጠርተው ነው ያለፉት። ይህን ለቺዙሩ ልትነግራት አቅም አጥታ እንደነበር ጨመረች።

«ሰምቼዋለሁ» አለች ቺዙሩ። ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። «መሳቢያውን እየዘጋሁ ነበር።»