በአይጧ ሆድ ላይ የተገኘው ክር

ጎረቤቴ ወይዘሮ ኒንፋ ሰማያዊ ሳህን እያደራረቀች በአጥሩ ላይ አንገቷን አሰገገች። «ሰማሽ አንቺ? ልብስ ሰፊው አቡንዲዮ ሞተ! ሚስቱ ሶይላ በዓሳ ሾርባ መርዛው ነው!»

ወሬ እግር የለውም ያለው ማን ነው? ምሳ ሳይደርስ ወደቡን ሁሉ አዳረሰ። ፖሊሶቹም ካቴና ይዘው ሶይላ ደጅ ቆሙ።

ደግነቱ ከዋናው ምድር ወደ ደሴታችን በጀልባ የመጣች ኢንስፔክተር ኪሚ የምትባል ሴት ነበረች። አጭር ናት፤ ዓይኗ ግን አያርፍም። ሬሳውን አገላብጣ አየችና ከኮሌታው ላይ መርፌ ነቀለች። ግራጫ ክር ተንጠልጥሎበታል፤ ክሩ ላይ ደግሞ አጫጭር ቡናማ ጸጉር ተጣብቋል።

«ምን ሲሰፋ ነበር?»

«እኔ እንጃ ልጄ» አለች ሶይላ፣ ፊቷ በለቅሶ አባብጦ። «ሰሞኑን በር ዘግቶ ነው የሚሰፋው። የሙዚየሙ ዶክተር አደራ ነው ይለኛል፣ ከዚያ ዝም።»

«ክሩን በምን ይበጥሳል?»

«በጥርሱ ነዋ! ሳይልሰውማ መቼ መርፌው ውስጥ ይገባለታል?»

«ሾርባውን ሌላ ማን በላ?»

«ለኒንፋ በአጥር አቀብያታለሁ።»

«እኔ?» ኒንፋ ከውጭ ጮኸች። «በከንፈሬም አልነካሁት!»

ኢንስፔክተሯ መርፌውን በወረቀት ጠቀለለች። ቀጥ ብላ ወደ ሙዚየማችን ሄደች። እዚያ የደሴታችን አይጦች ቆዳቸው በጥጥ ተሞልቶ በመሳቢያ ተኝተዋል። ዛሬ በሕይወት የሉም፤ በመርከብ የመጣ ሌላ አይጥ ፈጅቷቸዋል። ሊቃውንት ለዘራቸው ስም ያወጡት እነዚህኑ ቆዳዎች አይተው ነው፤ ኩራታችን ናቸው። ኃላፊው ዶክተር ቪያክሬስ ጓንት አጥልቆ መሳቢያውን ሳበ።

«ጓንቱ ለምንድነው?»

«ለክብራቸው» አለ፣ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ።

አመሻሽ ላይ ሁላችንንም እዚያው ሰበሰበችን።

«ይቺን አይጥ እዩ» አለች ኪሚ። «አያቴ ሳትወለድ የሞተች ናት። ሆዷ ላይ ያለው ክር ግን አዲስ ነው፤ ከአቡንዲዮ መርፌ ክር ጋር አንድ። ድሮ ብል እንዳይበላው ቆዳውን አርሴኒክ በሚባል መርዝ ያሹት ነበር። ዶክተሩ ይሄን ያውቃል፤ ጓንት የሚያጠልቀውም ለዚህ ነው። አቡንዲዮ አያውቅም። ክሩን በላሰና በበጠሰ ቁጥር መርዝ ይውጣል። ሶይላ ንጹሕ ናት።»

ዶክተሩ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። «ጠጥቼ ለእንግዳ ላሳይ ብዬ መሳቢያውን ጣልኩት። ቆዳው ሁሉ ተሰነጣጠቀ። የሙዚየም ተቆጣጣሪዎች ከዋና ከተማ ሊመጡ ነው። ለአቡንዲዮ መርዝ እንዳለው ብነግረው አልሰፋም ይለኛል ብዬ ፈራሁ። በስተርጅና መሳቂያ መሆን አሳፈረኝ። ዝም አልኩ።»

ሶይላ አላለቀሰችም። የባሏን መርፌ ከጠረጴዛው ላይ አንስታ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ሰካችው።

«ነፍሰ ገዳይ!» ኒንፋ ደረቷን ደቃች። «ሰው እንዴት ለስሙ ብሎ ዝም ይላል?»

ይሄኔ አብሮ አደጌ ፔቲታ ምርኩዟን መሬት ላይ አሳረፈችና ቀስ ብላ ዞረች።

«እሱስ ለስሙ ነው፤ አንቺ ምን ሆነሽ ነው? ስመጣ የሶይላን ሰማያዊ ሳህን መስኮትሽ ላይ አይቼዋለሁ። በልተሽ ጠርገሽ አጥበሽዋል። ካቴናው ሲመጣ በልቼ አልሞትኩም ማለት አቃተሽ?»

ኒንፋ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ወሬውን ያዳረስነው ሌሎቻችንም መሬት መሬቱን አየን።