የሙከይፉ ላብ

«ደህና ናት፣ ጋሼ ብርሃኑ። ለምልማለች» አለች ፈቲያ በስልክ። ዓይኗ ግን መስኮቱ ሥር ካለችው ትንሽ ዛፍ አልተነቀለም። የቅጠሎቿ ጫፍ እሳት እንደላሰው ወረቀት ጠቁሯል። የባሰውን ጎኗን ፈቲያ ራሷ ወደ ግድግዳ ካዞረችው ሰንብታለች።

«እኔም ተመልሼ ጅዳ ገብቻለሁ። ሐሙስ ራቢዓ ታምጣልኝ። ጎበዝ፣ የኔ ልጅ» አሉ።

ስልኩን ስትዘጋ ጆሮዋ ጋለ።

ጋሼ ብርሃኑ የአውሮፕላን መሐንዲስ ናቸው፤ የፈቲያ እናት ራቢዓ ጅዳ ቤታቸው ትሠራለች። ከጃፓን ባመጡት ዘር አርባ የሜፕል ችግኝ አብቅለው፣ በሸክላ ሳህን እየከረከሙ ቦንሳይ፣ ድንክ የሳህን ዛፍ፣ አደረጓቸው። ከአርባዎቹ አንዷ ብቻ ቅጠሏ እንደ ክር የተሰነጣጠቀ፣ ዳሩ ቀይ ሆና ወጣች። እንደሷ ያለ የትም አላዩም። ዘንድሮ ቅርንጫፏን ቆርጠው፣ በሌላ ግንድ ላይ አጣብቀው ሊያባዟት፣ ስሟንም በእናታቸው «መንበረ» ሊሏት ነበር። እናታቸው አገር ቤት ሲሞቱ፣ ደርግን ፈርተው ሄደው አልቀበሯቸውም።

ለአንድ ወር ሥልጠና ሲሄዱ፣ በተዘጋ ቤት ሙቀት እንዳይገድላት መካ፣ ዑተይቢያ ሰፈር፣ እነፈቲያ ቤት ላኳት። ለፈቲያ ያዘዟት አንድ ነገር ነበር፤ «ቤት ከሚያቀዘቅዘው ሙከይፍ የሚንጠባጠበውን ውሃ ብቻ ስጫት። ሌላው ውሃ ጨው አለው፤ እሷ አትችልም።»

ፈቲያ ሳምንት ያህል ባልዲዋን በውጭ በኩል ሙከይፉ ሥር ደቀነች። ከዚያ የጎረቤት ልጅ መኪያ አየቻት።

«ወላሂ፣ የሙከይፍ ላብ ትቀጃለሽ? ሻይም አፍዪበት እንጂ» ብላ ሰፈሩን አሳቀችባት።

ፈቲያ ባልዲውን አልጋ ሥር ከተተችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዛፏን ያጠጣቻት ጀሪካኑ ውስጥ ከነበረው ዘምዘም፣ ከተቀደሰው የመካ ጉድጓድ ውሃ ነው። «ከዚህ በላይ በረካ ያለው ውሃ የታለ?» አለች ለራሷ። በረካ ፍለጋ እንዳልነበረ ግን ልቧ ያውቃል።

ወንድሟ ጁነዲን የስልኩን ወሬ ሰምቶ ሳቀ። «ምን ያስጨንቅሻል? ሰውየው ክርስቲያን ነው፤ ከባሕራ ኬላ አያሳልፉትም፣ መካ ገብቶ አያያት። ‹ድመት ጥላ ሰበረቻት› በዪ፤ ኸላስ።»

«አሁን ደህና ናት ብያቸዋለሁ እኮ።»

«ታዲያ ድመቷ ነገ ትመጣለቻ። ካልሆነም ዘምዘሙ ነው በዪ። በዘምዘም ማን ይቆጣል?»

ይኸኛው የባሰ አሳፈራት። ዘምዘሙ ምን በደለ? አደራ የበላችው እሷ ናት፤ ያውም ለመኪያ ሳቅ ብላ።

ባልዲውን ከአልጋው ሥር ጎትታ አወጣች። በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው በሚያልፍበት ሰዓት፣ ሙከይፉ ሥር ደቅና አጠገቡ ቁጢጥ አለች።

መኪያ ከበራቸው ብቅ አለች። «ላቡ ናፈቀሽ?»

«አዎ» አለች ፈቲያ። ፊቷ እንደ ፍም ቀላ፤ ከቦታዋ ግን አልተነሳችም።

ሐሙስ ሁለቱንም ወደ ጅዳ በሚወስዳቸው ታክሲ ውስጥ እናቷ ዛፏን በሻርፕ ልትሸፍናት እጇን ዘረጋች። «ሰው ምን ይላል፣ እንዲህ ተቃጥላ?»

«ተይው፣ እማ። እኔ እይዛታለሁ። የምነግራቸውም እኔ ነኝ።»

ባሕራን አለፉ። ጅዳ ሲቃረቡ ፈቲያ ሳህኑን ጭኗ ላይ ቀስ አድርጋ አዞረችው፤ ጋሼ ብርሃኑ በሩን ሲከፍቱ መጀመሪያ የሚያዩት የጠቆረው ጎን እንዲሆን።