የገድሉ ቁልፍ

ማመን አለማመን የናንተ ነው። እኔ ርሆቦት ግን የሆነውን ነው የምጽፈው።

ቅዳሜ ነው፤ ከቀኑ ስድስት ሰዓት። ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ያለችው የጀልባ ማኅበራችን ቢሮ። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። እንዲህ ባለ ሰዓት ሰው አይፈራም።

እኔም አልፈራሁም ነበር... ስልኬ እስኪጮህ።

ገድሉ የትኬት ፕሮግራማችንን የሠራልን ልጅ ነው። ሰባት ቁጥር ጀልባን ማዕበል ሲገለብጣት አብሯት ሰጠመ። እሱን አውጥተን ቀበርነው። ጀልባዋ እዚያው ቀረች።

ቁልፉም ቀረ።

ቁልፍ ስል የብረት አይደለም። አንድ ፕሮግራም ሌላውን ሲያንኳኳ የሚያሳየው ረጅም የፊደልና የቁጥር ተርታ ነው፤ ቶክን ይሉታል። የገድሉ ቁልፍ ሁሉን ይከፍታል። የመንገደኛ ስም ያነባል፣ ይጽፋል፣ ይሰርዛል፣ መልእክት ይልካል። "ለሥራ ይመቻል" ተብሎ ነው እንዲያ የተሰጠው።

ይዘጋ ብዬ ነበር። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ጋሽ አለበል "አርባው ሳይወጣ የሟች ስም አይፋቅም፤ ነውር ነው" አሉኝ።

ስልኬ ላይ የመጣው መልእክት እንዲህ ይላል፦

"ጀልባዎ ተቀይሯል። ከአሮጌው ወደብ ይሳፈሩ። ሰባት ቁጥር።"

የፕሮግራሙን መዝገብ ሳየው፣ የተላከው በገድሉ ቁልፍ ነው።

የተላከው ለእናቴ ነው። ዘጌ ልትሳለም ትኬት ስቆርጥላት የኔንም ስልክ አስመዝግቤ ስለነበር ነው ለኔም የደረሰኝ።

ሌባ በሆነ አልሁ በልቤ። ሌባ ይታሰራል።

ቁልፉ ያለው ግን የገድሉ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ነው። ላፕቶፑ ደግሞ ፊት ለፊቴ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ባትሪው ካለቀ ሰነባብቷል።

ከሥሩ ውሃ ይንጠባጠባል...

ለእናቴ ደወልሁ።

"እማዬ፣ የት ነሽ?"

"ጀልባው ላይ ነዋ።"

"ከነማን ጋር?"

"እኔ ብቻ ነኝ። ነጂው ልጅ ጀርባውን ሰጥቶኛል..." ድምፅዋን ቀነሰች። "ርሆቦቴ፣ ሞተሩ አይሰማም። እየሄድን ግን ነው።"

"ውረጂ።"

"ወዴት ልውረድ፣ ውሃ ላይ?"

ተቋረጠ።

ጋሽ አለበል በሩ ላይ ቆመዋል። ሰምተዋል።

"የገድሉን ቁልፍ ልነካው ነው" አልኋቸው።

"አርባው ሳይወጣ?"

"አልሰርዘውም። ስሙም አይፋቅም። ሥልጣኑን ልቀንሰው ነው። እርስዎ የቄስ ልጅ ነዎት፤ ምእመን መቅደስ ይገባል?"

"አይገባም።"

"የት ይቆማል?"

"ቅኔ ማኅሌት።"

"ገድሉን መቅደስ ድረስ ያስገባነው እኛ ነን። ይውጣና ቅኔ ማኅሌት ይቁም።"

ላፕቶፑን አዩት። ውሃውን አዩት።

"ፍጠኚ" አሉ በሹክሹክታ።

በራሴ ኮምፒውተር ገባሁ። "መላክ" የሚለውን አጠፋሁ።

የገድሉ ላፕቶፕ ክዳን ከውስጥ ተንኳኳ... ቀስ ብሎ።

"መሰረዝ"ን አጠፋሁ።

እንደገና ተንኳኳ። አሁን ቀስ ብሎ አይደለም።

"መጻፍ" ላይ ስደርስ ጣቴ ቀዘቀዘ፤ ቅዝቃዜው እስከ ክርኔ ወጣ። የሐይቅ ጭቃ ሸተተኝ።

"አንተ ገድሉ" አልሁት። "አከብርህ ነበር፤ አሁንም አከብርሃለሁ። እናቴን ግን አትወስዳትም።"

ተጫንሁት።

ማንበብ ብቻ ቀረለት።

ማንኳኳቱ ቆመ።

እናቴን አንድ ዓሣ አጥማጅ በታንኳው አመጣት። ቀሚሷ ደረቅ ነው።

"ልጁ ዞረ" አለችኝ ጆሮዬ ሥር። "ገድሉ ነው። እጁን ዘረጋብኝ... አልደረሰም። በመካከላችን ክንድ የማይሞላ ነው፤ ግን አልደረሰም። ኋላ ቁጭ ብሎ አየኝ። ማየት ብቻ።"

ዓሣ አጥማጁ ጀልባ የሚባል አላየሁም ባይ ነው።

"ሴትዮዋን ውሃው ላይ ተቀምጣ ነው ያገኘኋት" ይላል።

አርባው ወጣ። ጋሽ አለበል "በይ አሁን ሰርዢው" አሉ።

እንቢ አልሁ።

"የት እንዳለ ባውቅ ይሻለኛል" አልኋቸው።

ይህን የምጽፈው እዚያው ቢሮ ቁጭ ብዬ ነው። ገና ታሪክ የምለጥፍበት ቻናሌ ላይ አልለጠፍሁትም፤ ለማንም አላሳየሁም። ከጽሑፉ ሥር ግን "አንድ ሰው አንብቦታል" ይላል።

ከጎኔ ካለው ባዶ ወንበር ውሃ ይንጠባጠባል...

ያንብብ።