ሲቀዳ የማይከፈት በር

ኢታና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጉለሌ በሚገኘው ቤቱ፣ ለልጁ በጀርመንኛ ተረት በካሴት በሚቀዳበት ክፍል ውስጥ ማጅራቱን በብረት ተመትቶ ሞቶ ተገኘ። ሻምበል ዓምሃ ለምርመራ ሲደርስ የቀበሌ ጥበቃዎች ደጅ ላይ ይንጎራደዳሉ። የሟቹን ሚስት አጸደን ሊወስዷት፣ የአራት ዓመቷን ሳቢትን ደግሞ ማሳደጊያ ሊያስገቧት ቸኩለዋል። ልጅቷ የእናቷን ቀሚስ ጨምድዳ ይዛለች።

«ጓድ ሻምበል፣ ነገሩ ግልጽ አይደል? ምን ያቆየናል?» አለ አንዱ ጥበቃ።

ወይ መጣደፍ! ኢታና ምሥራቅ ጀርመን መካኒክነት ተምሮ ሲመለስ፣ ልጄ ሁለት ቋንቋ ይዛ ታድጋለች ብሎ ችክ አለ። መጽሐፉ የጀርመን፣ ካሴቱ የጀርመን። ቴሌቪዥኑን እንኳ ድምፁን ዘግቶ ራሱ በጀርመንኛ ይተርክላት ነበር። ሲቀዳ ታዲያ የዚያን ክፍል በር የሚደፍር የለም።

ጎረቤቷ መሰለች መቀመጥ አቅቷት ቆማ መሰከረች። «አጸደ ልጇን ይዛ ወጣች። ቆይቶ ወንድሟ ዳኜ ወጣ። ያኔ ኢታና በዚያ ቋንቋው ያወራ ነበር። አጸደ ስትመለስም አላቋረጠም!»

«ከእሷ ሌላ የገባ አለ?»

«ማርያምን፣ ማንም አልገባም!»

ዳኜ ከክፍለ ሀገር ለጥየቃ መጣሁ የሚል ነው።

«ስትወጣ ኢታናን አይተኸዋል?» አለው ዓምሃ።

«እንዴታ! ተረት እየቀዳ ነበር። አትረብሸኝ ብሎ በእጁ ሸኘኝ።»

«አንቺስ የት ነበርሽ?» አለ ወደ አጸደ ዞሮ።

አጸደ አቀረቀረች። የነበረችው እምነታቸው ስለታገደ በየቤቱ ተደብቀው ከሚጸልዩት ወገኖቿ ጋር ነው፤ እነሱን ከምታስይዝ ብትታሰር ይሻላታል። «ስመለስ ድምፁን ሰማሁ። እየቀዳ መስሎኝ ልጄን ይዤ ደጅ ተቀመጥኩ። ዝም ሲል ብከፍት...» እንባዋ አላስጨረሳትም።

ዓምሃ ቴፑ ውስጥ የነበረውን ካሴት አውጥቶ ጀርባውን በጥፍሩ ዳበሰ። መልሶ ሲያጫውተው የሟቹ ድምፅ ቤቱን ሞላው። መሰለች አማተበች። «ይኸው! ይኸው ነው የሰማሁት!»

ያኔ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰባቸው።

«ኢታና ቀድቶ የጨረሰው ካሴት ላይ ሌላ እንዳይቀዳበት ጀርባው ላይ ያለችውን ትንሽ ጥርስ ይሰብራል። መደርደሪያው ላይ ያሉት ሁሉ እንደዚያ ናቸው። ጥርሱ የተሰበረ ካሴት ይጫወታል እንጂ አይቀዳም፤ የመቅጃው ቁልፍ አልጫን ይላል። ቴፑ ውስጥ ያገኘሁትም የተሰበረ ነው። ስለዚህ እናንተ የሰማችሁት የቆየ ካሴት ነው። አጸደ ስትመለስ ሰውየው ሞቷል። ካሴቱን ያጫወተውም መጨረሻ የወጣው ሰው ነው። ሲቀዳ አየሁት ያልከኝ ደግሞ አንተ ነህ፣ ዳኜ!»

ዳኜ ወደ እህቱ ዞረ። «ከጦር ግንባር ጠፍቼ መምጣቴን ኢታና ደረሰበት። ነገ ለቀበሌ እነግራለሁ አለኝ። ፈራሁ፣ እህቴ!»

«ፈራህና እኔን አስረከብከኝ?»

ጥበቃዎቹ ይዘውት ወጡ። ዓምሃ አጸደን የት እንደነበረች ዳግመኛ አልጠየቃትም። እንዲህ ያለ ሰው ይብዛልን!

«ልጅሽ ካንቺ ተለይታ የትም አትሄድም» አላት።

ሳቢት ቀና ብላ እናቷን አየቻት። «ቮ ኢስት ፓፓ?» አለች።

አጸደ ጀርመንኛ አታውቅም። አባቷ የት እንዳለ መጠየቋ ግን ገባት፤ ልጇን አቅፋ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።