የኤርሲሊያ ሦስተኛ ምሽት

በ1857 ዓመተ እግዚእ፣ በገና ማግስት በሚከበረው በቅዱስ እስጢፋኖስ ዕለት፣ ከፖ ወንዝ የተነሣው ጉም ክሬሞናን ውጧት ነበር፤ ከተማይቱን የያዙት የኦስትሪያ ዘበኞች እንኳ በድምፅ ይፈላለጉ ነበር። በዚያ ምሽት የልብስ አጣቢዋ ልጅ ኤርሲሊያ ጊዞልፊ በሃያ ዓመቷ ለመጀመሪያ ጊዜ በከተማው ቲያትር መድረክ ላይ ቆመች። አዲስ ዘፋኝ በሦስት ምሽት ውስጥ ሕዝቡን ካላስጨበጨበች ውሏ ይፈርሳል፤ ውሏ የፈረሰባትን ደግሞ ሌላ ቲያትር አያስጠጋትም።

ለዚህ ቀን አምስት ዓመት ለፍታለች። መምህሯ ሽማግሌው አንሰልሞ ጎቪ የመጀመሪያውን ሁለት ዓመት አንድም ዘፈን አላስነካትም፤ አንዲቷን ድምፅ ከሹክሹክታ አንሥታ እንድታሳድግ፣ መልሳም እስክትጠፋ እንድታቀጥን ብቻ ያዛት ነበር፤ ያውም በሻማ ፊት፣ ነበልባሉ ሳይነቃነቅ።

“የኔታ፣ ዘፈን መቼ ነው የምጀምረው?” ስትለው፣

“መጨረስ ስትችዪ! መጮህማ አህያም ይችልበታል” ይላት ነበር።

እጇ በሳሙና ተላልጦ፣ እግሯ በበረዶ ደንዝዞ፣ አንድ ቀን እንኳ አልቀረችም። እንዲህ ያለች ልጅ ትወለድ!

በመጀመሪያው ምሽት አሳምራ ዘፈነች። ነገር ግን የማሳረጊያው ከፍተኛ ድምፅ ገና ሲያስተጋባ፣ ነጭ መለዮ የለበሱት የኦስትሪያ መኮንኖች ቀድመው አጨበጨቡ፤ ኦስትሪያዊ ላጨበጨበለት ደግሞ ክሬሞናዊ እጁን አያነሣም፤ ነውር ነው። ድሃው የሚቀመጥበት ላይኛው ሰገነት፣ ሥጋ ሻጩም አናጢውም፣ እጁን ብብቱ ውስጥ ከቶ ዝም አለ። በሁለተኛውም ምሽት እንዲሁ ሆነ።

“እመቤት፣ ሰገነቱ ካልጮኸ ውል የለም፤ ነገ የመጨረሻሽ ነው” አላት የቲያትሩ ኃላፊ።

ወደ መምህሯ ሄዳ ተንሰቀሰቀች። “የኔታ፣ የሚጠሉት እነሱን፣ የምቀበረው እኔ! ምን በደልኩ?” እንባዋን ጠርጋም ቀና አለች። “እኒያ መኮንኖች ዜማው ማለቁን በምን ያውቃሉ?”

“ስትጮኺ ነዋ! ሙዚቃ የት ያውቃሉ?”

“እንግዲያው አልጮህም።”

“አብደሻል? ሰገነቱ ጉሮሮዋ ከዳት ብሎ በንቀት ቢያፏጭብሽስ?”

“ቢያፏጩም ጠፋሁ፤ ዝም ቢሉም ጠፋሁ።”

በሦስተኛው ምሽት ማሳረጊያው ደረሰ፤ ኤርሲሊያ በመጮህ ፈንታ ድምፅዋን ታቀጥነው ጀመር። ቀጠነ፤ አለቀ ሲሉት አለ። አንድ መኮንን ቸኩሎ አጨበጨበና ድምፁ ገና መኖሩን ሲሰማ በሐፍረት እጁን ሰበሰበ፤ ከዚያ ወዲያ ከባልንጀሮቹ የደፈረ አልነበረም። ሰገነቱ ግን ዜማን ከእናቱ ጡት ጋር የጠባ ነውና ፍጻሜውን ከመኮንኖቹ ቀድሞ አወቀ።

“እሰይ የኛ ልጅ! እሰይ!” ብሎ አንድ ሥጋ ሻጭ ሲያጓራ ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ።

በማግስቱ የፖሊስ ሹም አስጠርቶ፣ “መኮንኖቹን ያሳፈርሽው ሆን ብለሽ ነው?” አላት።

“ጌታዬ፣ ቀስ ብሎ መዝፈን ተከልክሏል እንዴ?”

ሹሙ አሰናበታት፤ ውሏም ጸና፤ ኤርሲሊያ ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት በታላላቅ መድረኮች ዘፈነች።

ኦስትሪያውያን ከሄዱ በኋላ የከተማይቱ ጸሐፊዎች ያን ምሽት፣ “ሕዝቡ በገዢዎቹ ፊት ለነጻነቱ ጮኸ” ብለው መዘገቡት። ሐሰት አይደለም፤ ቢሆንም ያን ሕዝብ ያስጮኸችው አንዲት ልጅ ነበረች፤ መዝገቡ ግን ስሟን ሳይጠይቅ፣ “አንዲት ዘፋኝ ስትጨርስ” ብሎ አልፏታል።