ባዶውን ሳጥን የሚጠይቀው

እኔ ሰው የጋኔን ወሬ ሲጀምር ተነስቼ የምሄድ ነኝ፣ ለቡ ቤት ስሠራ ቦታው ድሮ መቃብር ነበር ብለው ሲያስፈራሩኝ እዚያው ላይ መሠረት አስቆፍሬ ገብቻለሁ። ፊደል የቆጠርኩት በጉልምስናዬ ስለሆነ አጻጻፌን ታገሱኝ፣ ነገሩን ግን በዓይኔ ነው ያየሁት።

ልጄ ሳሚ በመንገድ በኩል ባለችው ክፍል የኢንተርኔት ቤት ነበረው። ጥግ ላይ ፕሮክሲ የሚሉት ሳጥን አለ፣ አንዱ ደንበኛ ከውጭ ያስመጣውን ያስቀምጥና ሌላው ሲጠይቅ ከቤት ያወጣለታል፣ ለእኔ ጎተራ ማለት ነው። ሳሚን ሀይሌ ጋርመንት ጋ መኪና ገጭቶ ገደለው፣ ስልኩም አብሮት ደቀቀ። ለደንበኛ ሰላምታ ብሎ ራሱን የቀረጸባት አጭር ቪዲዮ ነበረች፣ «ኔት ከጠፋ እናቴን ጥሯት፣ እሷ ከተቆጣች ይመለሳል» እያለ ይስቅባታል። የለጠፈበት ገጽ ሲዘጋ ቪዲዮዋ ሳጥኑ ውስጥ ብቻ ቀረች፣ ባለቤቴ አስካለም በየቀኑ ከሰዓት እየገባች እሷን ታያለች፣ ሌላ የልጇ ድምፅ የላትም።

ታዲያ በአርባው ድንኳን ተተክሎ፣ የእድሩ ሰዎች ወጥ ማሞቂያውን ምድጃ ሳጥኑ ካለበት ሶኬት ላይ ሰኩት፣ ወዲያው የተቃጠለ ነገር ሸተተን፣ ሳጥኑ ጸጥ አለ። የልጄን ተዝካር ስናወጣ ድምፁን አቃጠልን።

ሥራውን ከወንድሟ የተማረችው ልጄ ትዕግስት ሳጥኑ ውስጥ ያለውን፣ ቪዲዮዋ የተቀመጠበትን የተቃጠለ ዲስክ ይዛ ያልገባችበት ጠጋኝ ቤት የለም፣ ሁሉም አይሆንም አሏት። በመጨረሻ ከድሮው የሚበልጥ አዲስ ገዛች፣ ውስጡ የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው ድምፅ አያሰማም አለችኝ። ስትገጥመው ከውጭ የሚመጣውን ሽቦ ነቅላ፣ ዋይፋዩንም አጥፍታ ነበር፣ እመኑኝ፣ አጠገቧ ቆሜያለሁ፣ ጊዜውም ጠራራ ፀሐይ ነው። አስካለ እንደ ልማዷ ገብታ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች።

ያኔ ሳጥኑ ቀጭ፣ ቀጭ አለ፣ ልክ እንደ ድሮው ዲስክ።

ማን ምን እንደጠየቀ በሚታይበት ስክሪን ላይ አንድ መስመር ወጣ፣ ትንሽ ቆይቶ ያው መስመር ተደገመ። የጠያቂውን ስም እኔም ፊደሉን እየቆጠርኩ አነበብኩት፣ «የአስካለ ልጅ» ይላል። ሳሚ ስልኩን የሰየመው እንደዚያ ነበር።

«ምን ፈልጎ ነው?» አልኳት ትዕግስትን።

«ያችኑ ሰላምታውን፣ አባዬ።»

«ሳጥኑስ ምን ይለዋል?»

«የለም ነው የሚለው። ባዶ ነው እኮ።»

እልኸኛ ነኝና ሄጄ ቁም ሳጥኑን ከፈትኩ፣ የደቀቀው የሳሚ ስልክ በአስካለ ነጠላ እንደተጠቀለለ አለ፣ መስታወቱ ዱቄት፣ ብረቱ ቀዝቃዛ። ስመለስ መስመሩ አሁንም ይመጣል። አስካለ ተነስታ እጇን ሳጥኑ ላይ ጭና፣ «ስጠው እንጂ፣ ልጄ ነው የሚጠይቅህ» ብላ ተቆጣችው፣ እንደዚያ ስትቆጣ ሰምቻት አላውቅም። ምንም አልተመለሰም።

ቤቱ አሁን ይሠራል፣ ከድሮው ይፈጥናል ይላሉ ደንበኞች። በየቀኑ በአስካለ ሰዓት ያች ጥያቄ ትመጣለች፣ ሳጥኑም የለም ይላል። ትዕግስት ያችን ጥያቄ እንዳትገባ ልዝጋት ብትለኝ እምቢ አልኳት። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነው፣ የገዛ ድምፁን ከእኛ የሚለምን ልጅ፣ ያለበት ቦታ ምን ዓይነት ቦታ ቢሆን ነው?